ዶክተር ላምቢ፤ አገር የሌለው ሐኪም

በአዲስ አበባ ከጦር ኃይሎች ወደ አየር ጤና በሚወስደው መንገድ የሚመላለስ ተማሪ ወይም የመሥሪያ ቤት ሰው ዘነበወርቅ የሚባለውን ሠፈር ሳያውቅ አይቀርም። የታክሲ ረዳቶች ስሙን በየቀኑ እየጠሩ ሰው ያሳፍራሉ። ስሙ ከየት እንደ መጣ ግን ከመቶ ተሳፋሪ አንዱ እንኳ ይጠይቅ እንደ ሆነ እንጃ። ከዚያ ከሦስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ደቡብ ርቆ፣ በዳሞታ ተራራ ግርጌ በተቆረቆረችው በወላይታ ሶዶ ደግሞ ኦቶና የሚባል ስፍራ አለ። የወላይታ ገበሬ ልጁ ሲታመምበት ኦቶና ውሰዱት ይላል። ይህንንም ሲል በስፍራው ያለውን ሆስፒታል ማለቱ እንደ ሆነ ሁሉም ያውቃል።

እነዚህ ሁለት ስሞች እርስ በርሳቸው ምን ያገናኛቸዋል ቢባል፣ መልሱ አንድ አሜሪካዊ ሐኪም ነው። ዛሬ በዚህ ገጽ የምንተርከው የእኒህን ሰው ሕይወት ነው። ሰውየው በዘመናቸው ከአልጋ ወራሹ ቤተ መንግሥት እስከ ወላይታ ጎጆ ድረስ የታወቁ ነበሩ፤ በኋላ ግን በኢትዮጵያ ውስጥ ስማቸው በሁለት ልብ የሚነሣ ሆነ። ለምን እንዲህ እንደ ሆነ በስፍራው እንደርስበታለን።

ቶማስ አሌክሳንደር ላምቢ በ1877 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር፣ ፒትስበርግ በተባለችው የብረት ማቅለጫ ከተማ ተወለዱ። ሕክምና ተምረው ገና ሃያ ሁለት ዓመት ሲሆናቸው በፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ሚሲዮን ተልከው ወደ ሱዳን መጡ። በዚያን ጊዜ የደቡብ ሱዳን ረግረግ ለነጭም ለጥቁርም የወባ አገር ነበር። ወጣቱ ሐኪም ግን ከካርቱም ርቀው፣ የባሮ ወንዝ ወርዶ ሶባት ተብሎ በሚጠራበት አገር፣ ናስር በተባለው ስፍራ ከኑዌር ሕዝብ መካከል ጣቢያ ከፈቱ። ሚስታቸው ሻርሎት ክሌኒም አብረዋቸው ነበሩ። ከአዲስ አበባ ውጭ ተመድበሃል ሲባል ፊቱ የሚጠቁር ጓደኛ የሌለው ተመራቂ ካለ እሱ ዕድለኛ ነው። እኛ ግን ብዙ እንዲህ ያሉ ጓደኞች ስላሉን፣ ይህችን የሃያ ሁለት ዓመት ዕድሜ ሳናነሣት ማለፍ አልቻልንም።

ወደ ኢትዮጵያ ያመጣቸው በሽታ ነው። በ1911 ዓ.ም. ዓለምን ሁሉ ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ወደ አገራችን ገብቶ በአዲስ አበባ ቀባሪ እስኪታጣ ድረስ ሕዝቡን ፈጀው። አያቶቻችን የኅዳር በሽታ የሚሉት ይህንኑ ነው። ኅዳር 12 ቀን በየደጁ ቆሻሻ እየተቃጠለ ከተማው በጢስ የሚታጠነውም በብዙ ሰው ዘንድ የዚያ ዘመን መታሰቢያ ሆኖ ይቈጠራል። በምዕራቡ ዳርቻ፣ በወለጋ፣ የሳዮ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ብሩ ወልደ ገብርኤል ከወሰኑ ማዶ አንድ ሐኪም መኖሩን ሰምተው ነበርና ተሻግሮ እንዲመጣላቸው ጠየቁ። ዶክተር ላምቢም ከቆላው ወደ ደጋው ወጥተው በደምቢ ዶሎ ሕክምና ጀመሩ።

የሳዮው ሥራ ምን ፍሬ እንዳፈራ በአንድ ሰው ታሪክ ብቻ ማሳየት ይቻላል። በዚያች ከተማ በልጅነቱ ፈንጣጣ ዓይኑን ያጠፋበት ጊዳዳ ሶለን የሚባል ወጣት ነበረ፤ የዕለት እንጀራውንም በልመና ያገኝ ነበር። ይህ ዓይነ ስውር በሚሲዮኑ ዘንድ ተጠግቶ ተማረ፤ በኋላም ቄስ ጊዳዳ ተብሎ በዚያ አገር የተስፋፋችው ቤተ ክርስቲያን ዋና አገልጋይ ሆነ። ልጁ ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ከ1987 እስከ 1994 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሬዚዳንት ነበሩ። ዶክተር ላምቢ ሳዮን ለቀው የሄዱት ቀደም ብለው ስለ ሆነ የዚህ ምስጋና የእርሳቸው ብቻ አይደለም፤ የመጀመሪያውን በር ግን የከፈቱት እርሳቸው ናቸው።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሐኪሙ ለዕረፍት ወደ አገራቸው ሲጓዙ በሱዳን በኩል መመለሱን ትተው በኢትዮጵያ ውስጥ አቋርጠው መሄድን መረጡ። በጎሬ ሲደርሱ የኢሉባቦር ገዥ ራስ ናደው በጆሮአቸው ሕመም ይሠቃዩ ነበር። ዶክተሩ ቢመለከቱ በጆሮው ውስጥ አንዲት ነፍሳት ገብታ ኖሮ አወጡላቸው። ነገሩ ለሐኪም የደቂቃ ሥራ ነው። ራስ ናደው ግን ውለታውን አልረሱም፤ ለአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ስለ ሐኪሙ ጻፉላቸው። በአዲስ አበባም አልጋ ወራሹ ተቀብለው አነጋገሩአቸውና በዋናው ከተማ ሆስፒታል እንዲያቋቁሙ ጠየቁአቸው። ዶክተር ላምቢ አሜሪካ ገብተው ጆርጅ የተባለ አንድ ባለጠጋ ገንዘቡን እንዲሰጥ አደረጉ፤ በጉለሌም በስጦታ በተገኘው መሬት ላይ የጆርጅ መታሰቢያ ሆስፒታል ተሠራ። ጉለሌ የሚገኘውና በብዙ ሰው አፍ ፓስተር የሚባለው የጤና ምርምር ተቋም ያለው በዚያው ግቢ ነው።

እስከዚህ ድረስ ያለው ታሪክ የተሳካለት የውጭ አገር ሐኪም ታሪክ ነው። ትልቅ ሆስፒታል፣ የመኳንንት ወዳጅነት፣ የከተማ ኑሮ ነበራቸው። በዚህ ላይ ተቀምጠው ቢያረጁ ማንም አይነቅፋቸውም ነበር። እርሳቸው ግን ዓይናቸውን ወደ ደቡብ አቅንተው ኖሮ የላካቸው ሚሲዮን ወደዚያ ለመስፋፋት አቅም እንደሌለው ባዩ ጊዜ ከእርሱ ተለይተው ወጡ። በኬንያና በኮንጎ ከሠሩ ሁለት ሚሲዮናውያን፣ ከጆርጅ ሮድና ከአልፍሬድ በክስተን ጋራ ሆነው አንድ ትንሽ ማኅበር አቋቋሙ። ማኅበሩም ወዲያው ከሱዳን ኢንቲርየር ሚሲዮን ጋራ ተዋሐደ። በታኅሣሥ 1920 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ሚሲዮናውያን አዲስ አበባ ገቡ፤ በዚያው ዓመት የበልግ ወራትም በበቅሎ ተጭነው ወደ ደቡብ ወረዱ።

ያሰቡት ጅማ ለመድረስ ነበር። ነገር ግን በመንገዳቸው ከምባታንና ወላይታን አቋርጠው ወደ ሲዳሞ ሲደርሱ ከዚያ በፊት የሚያውቋቸውን ሰው አገኙ፤ የሳዮው ደጃዝማች ብሩ የሲዳሞ ገዥ ሆነው ነበር። ያ የኅዳር በሽታ ዘመን ወዳጅነት እዚህ ሠራ። ደጃዝማቹም በአገራቸው እንዲቀመጡ ፈቀዱ። የሆሣዕናው ደጃዝማች ሞሸሻና የሶዶው ደጃዝማች ይገዙም ሐኪም በአገራቸው እንዲኖር የሚጠሉ አልነበሩም። ከአዲስ አበባ የሚሰጠው የፈቃድ ነገር ግን ቶሎ አልተቋጨም። ዶክተር ላምቢ ፈቃዱን ለማስጨረስ ደጅ ሲጠኑ የነበረውን ያህል በመንገድ ላይ ጭቃና ወንዝ አላስቸገራቸውም ብንል የተጋነነ አይሆንም። በመሥሪያ ቤት ደጅ ጠንቶ የሚያውቅ አንባቢ ይህን ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። በመጨረሻ በሲዳሞ ገርቢቾ፣ በከምባታ ሆሣዕና፣ በወላይታ ሶዶ ላይ ሦስት ጣቢያዎች ቆሙ።

እዚህ ላይ ወላይታ በዚያን ጊዜ ምን ዓይነት አገር እንደ ነበረች ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በ1887 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ጦር ንጉሥ ጦናን ድል አድርጎ አገሪቱን ሲይዝ ብዙ ሰው አልቆ፣ ብዙው ተማርኮ፣ ከብቱም ተነድቶ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣው የገባር ሥርዐት ነው። ገበሬው ለመልከኛው ግብር ይገብራል፣ እህል ይፈጫል፣ እንጨት ይሸከማል፣ አጥር ያጥራል። መሬቱ ለም ነው፤ ሕዝቡ ግን ብዙ፣ ማሳው ጠባብ ነው። የአገሩ ሰው እንደሚያውቀው በወላይታ ክፉው ወር በልጉ ሳይደርስ፣ የመኸሩ እህል ሲያልቅ ነው። በዚያን ጊዜ ቤተ ሰቡን የሚያወጣው እንሰትና ስኳር ድንች ነው፤ እነዚህ ደግሞ ከከዱ የሚቀር ነገር የለም። በዚህ ላይ ከቆላው ወባ፣ በእግር ላይ ለዓመታት የማይሽር ቁስል፣ የዓይን ሕመም፣ የሥጋ ደዌ ነበር። ለታመመ ሰው የሚደረገው አንድ ነገር ቢኖር ወደ ጠንቋይ መሄድ ነበረ፤ ጠንቋዩም በሬውን ወይም በጉን ሳይወስድ አይሰድደውም። ስለዚህ በሽታ በወላይታ ከሕመም በላይ ነበረ፤ ቤተ ሰብን ከድህነት ወደ ባሰ ድህነት የሚያወርድ ዕዳ ነበረ።

ወደ ኦቶና የመጣው ሐኪም ይህን ሰንሰለት ከአንድ በኩል በጠሰው። ዶክተር ላምቢ ራሳቸው የሚሲዮኑ ሁሉ የበላይ ስለ ነበሩ ሶዶ ላይ ብዙ አልተቀመጡም። በዚያ ቁስል ያጠቡት፣ ሆስፒታሉን ያቆሙትና ቋንቋውን የተማሩት እንደ ዋልተር ኦማንና እንደ ዶክተር ሮበርትስ ያሉ ጓደኞቻቸው ናቸው። ሰዎቹ ከሕክምናው ጋራ ወንጌል አስተማሩ፤ የወላይታንም ቋንቋ በፊደል ጽፈው ከመጽሐፍ ቅዱስ ጥቂት ክፍሎች ተረጐሙ። ሕዝቡ መድኃኒቱን ወዲያው ተቀበለ፤ ስብከቱን ግን ቶሎ አልተቀበለም። ሥራው በተጀመረ በስድስተኛው ዓመት፣ በ1926 ዓ.ም.፣ የተጠመቁት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ቍጥራቸው አሥር ገደማ ብቻ ነበር። አብዛኞቹ ገባሮች ናቸው። ከእነርሱም አንዱ ዋንዳሮ ይባል ነበር፤ ይህን ስም አንባቢ ይያዝልን።

ዶክተር ላምቢ በዚህ ጊዜ በአዲስ አበባ ሌላ ሥራ ጀምረው ነበር። በከተማይቱ ዳር፣ በፉሪ በኩል፣ የሥጋ ደዌ የያዛቸው ሰዎች የሚታከሙበት ሆስፒታል አሠሩ። በዚያን ዘመን የሥጋ ደዌ የያዘው ሰው ዕጣው በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተቀምጦ መለመን ነበረ። የሚቀርበው ሰው አልነበረም፤ ዘመዱም ይሸሸው ነበር። ሆስፒታሉ በወጣትነታቸው ባረፉት በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ተጠራ። የሠፈሩ ስም የመጣው ከዚህ ነው። በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው አለርትም የተመሠረተው በዚሁ ስፍራ ነው።

መሬት ለመያዝ ግን የውጭ አገር ዜጋ መሆን እንቅፋት ሆነባቸው። ዶክተር ላምቢ በዚህ ጊዜ ያደረጉት ነገር ዛሬም ያስደንቃል። የአሜሪካ ዜግነታቸውን ትተው የኢትዮጵያ ዜጋ ሆኑ። በዘመናችን ዜግነት ለመለወጥ በየኤምባሲው ደጅ ሌሊት የሚሰለፈውን ሰው ስናይ፣ በተቃራኒው አቅጣጫ ተሰልፎ የነበረ አንድ ሰው መኖሩን ማሰብ ይከብዳል። ይህን ያደረጉት በ1926 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ ጥሩ ዘመን እንዳልመረጡ ብዙ ሳይቆይ ታየ።

የጣሊያን ጦርነት ሲቃረብ፣ በሐምሌ 1927 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ተቋቋመ። ዋና ጸሐፊው ዶክተር ላምቢ ሆኑ። ማኅበሩ ሲመሠረት አገሪቱ የነበራት ሐኪም በጣት የሚቈጠር ነበር፤ የጦር ሜዳ ሕክምና የሚባል ነገርም አልነበረም። ዶክተሩ ሚሲዮናውያኑን ከየጣቢያው አሰባስበው በጭነት መኪናና በበቅሎ ወደ ግንባር ላኩ፤ ከስዊድን፣ ከእንግሊዝ፣ ከኖርዌይ፣ ከሆላንድና ከሌሎችም አገሮች የመጡትን የቀይ መስቀል ቡድኖች ተቀብለው አሰማሩ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አይሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ የቀይ መስቀል ምልክት የተሰቀለበት ሆስፒታል አልዳነም። ከዚያም በኋላ የመርዝ ጋዝ መጣ። ዶክተር ላምቢ ይህን ሁሉ ለውጭው ዓለም ከሚያስታውቁት ሰዎች አንዱ ነበሩ።

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ ወጡ፤ በ27 ጣሊያኖች ገቡ። በመካከሉ የነበሩት ቀናት የዘረፋና የእሳት ቀናት ነበሩ። የእንግሊዝ ቀይ መስቀል አለቃ ዶክተር ሜሊ በመንገድ ላይ ቁስለኞችን ሲያነሡ ተመትተው ሞቱ። ዶክተር ላምቢ በጉለሌው ግቢ ተከበው ቆይተው ከሞት ተረፉ።

ቀጥሎ የመጣውን ለመጻፍ ብዕራችን ጥቂት ያመነታል። ዶክተር ላምቢ የተሸነፈች አገር ዜጋ ሆነው ቀርተዋል፤ ከጀርባቸው የሚቆም ኤምባሲ የላቸውም። በደቡብ የተበተኑ ሚሲዮናውያን ነበሩአቸው፤ በፉሪ ከዚያ ቢወጡ መግቢያ የሌላቸው ሕሙማን ነበሩአቸው። ይህን ሥራ ለማዳን ሲሉ ከአዲሱ ገዥ ጋራ ተስማሙ፤ ቀድሞ ስለ ጦርነቱ የተናገሩትንም የሚያለዝብ ቃል ሰጡ። ጣሊያኖች ይህን ለፕሮፓጋንዳቸው ተጠቀሙበት። በስደት ላይ ለነበሩት ንጉሠ ነገሥትና በየዱሩ ለሚዋጉት አርበኞች ግን ይህ ክህደት ነበር። በገዛ ፈቃዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው ኢትዮጵያ በወደቀች ማግስት ቃሉን ሲለውጥ ሌላ ምን ሊባል ይችላል?

ስለዚህ ነገር በጓደኞቻችን መካከል ክርክር አንሥተን ነበር። አንዳንዶቹ ታማሚውን በትኖ ክብሩን ከሚጠብቅ ሐኪም ክብሩን ጥሎ ታማሚውን የሚጠብቅ ይሻላል ይላሉ። ይህን አስተያየት አንንቀውም፤ ከቢሮው ወንበር ሆኖ በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በነበረ ሰው መፍረድ ቀላል ነውና። ሆኖም በመርዝ ጋዝ ዓይኑ የጠፋው ገበሬም ድሃ ነበር፤ ምስክርነቱ ለእርሱም ይገባው ነበር። የአንዱን ድሃ አልጋ ለማትረፍ የሌላውን ድሃ ቁስል መሸፈን ተገቢ ነበር ብለን ለመጻፍ እጃችን አልታዘዘልንም። ሒሳቡም ቢሆን አልሠራም። ጣሊያኖች የሚፈልጉትን ካገኙ በኋላ ሚሲዮናውያኑን አንድ በአንድ አስወጡ፤ ሆስፒታሎቹም በእጃቸው ገቡ። ዶክተር ላምቢ ራሳቸው አገሩን ለቀው ሄዱ። ከዚያ በኋላ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ስለ ሕይወታቸው ባሳተሙት መጽሐፍ ራሳቸውን አገር የሌለው ሐኪም ብለው ሰየሙ፤ በጊዜው እውነት ነበረ።

ወደ ሶዶ እንመለስ። በዚያ የነበሩት ሚሲዮናውያን እስከ ሚያዝያ 1929 ዓ.ም. ከቆዩ በኋላ በጣሊያን ወታደሮች ታጅበው ወጡ። ጥለዋቸው የሄዱት የተጠመቁ ወላይታዎች አርባ ስምንት ነበሩ። ከእነርሱ መካከል ማንበብ የሚችሉት ጥቂቶች ናቸው፤ በእጃቸው ያለውም መጽሐፍ ጥቂት ክፍል ነው። ሐኪም የለም፣ ገንዘብ የለም፣ ከውጭ የሚመጣ ደብዳቤ የለም። የሄዱት ሰዎች ይህች ቤተ ክርስቲያን ትጠፋለች ብለው ቢሰጉ የሚፈረድባቸው አልነበረም።

ከዚያ የሆነውን የወላይታ ሽማግሌዎች በቃል፣ ሚሲዮናውያንም በኋላ በመጽሐፍ ተርከውታል። በጦርነቱ ማግስት በወላይታ ጽኑ ረሃብ ገባ። ምእመናኑ ካላቸው ጥቂት ነገር ላይ እየቀነሱ ለተራበው አካፈሉ፤ የሚያካፍሉትም ለራሳቸው ወገን ብቻ አልነበረም። ይህ ለወላይታ ሰው አዲስ ነገር ሆነበት። ዘመድ ለዘመዱ፣ ጎረቤት ለጎረቤቱ መስጠቱ ጥንትም የነበረ ነው፤ ነገር ግን የማያውቀውን ሰው፣ የሌላ ጎሣ ሰው፣ ሸክላ ሠሪና ቆዳ ፋቂ ተብሎ የተናቀውን ጭምር ከገበታው ማስጠጋት የተለመደ አልነበረም። ሰው በዚህ ተገርሞ ወደ እነርሱ ይመጣ ጀመር።

ቍጥራቸው ሲበዛ የጣሊያን ሹማምንት ተጠራጠሩ። በየቀበሌው የሠሩአቸው የጸሎት ጎጆዎች ፈረሱ፤ መሪዎቹም ወደ ሶዶ ወኅኒ ተጋዙ። ከእነርሱ ዋነኛው ያ ዋንዳሮ ነበረ። በአደባባይ ክፉኛ ተገረፈ፤ ከጓደኞቹም በግርፋቱ የሞቱ ነበሩ። በዚያን ዘመን ወኅኒ ለእስረኛው ምግብ አይሰጥም፤ እስረኛ የሚኖረው ዘመዱ ስንቅ ካመጣለት ነው። ዘመድ የሌለው ወይም ዘመዱ የተራበበት እስረኛ በረሃብ ይሞታል። ምእመናኑ በየተራ ከየገጠሩ ስንቅ ተሸክመው ይመጡ ጀመር፤ ያመጡትም ስንቅ ለታሰሩት ወንድሞቻቸው ከበቃ በኋላ ስንቅ አምጪ ለሌላቸው ለሌሎቹ እስረኞች ይተርፍ ነበር። ሌባውም፣ ነፍሰ ገዳዩም፣ ባለ ዕዳውም ከዚያ ቀመሰ። በእኛ አስተያየት በዚህ ታሪክ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ነገር የለም። ስንቁን የሚያመጡት ሴቶች በአብዛኛው ስማቸው በየትኛውም መጽሐፍ አልተጻፈም። በራሳቸው ቤት ልጆቻቸው ጠግበው አድረው ይሆናል ለማለትም በዚያ ዓመት የማይመስል ነው።

ከድል በኋላ ሚሲዮናውያኑ ሲመለሱ የጠበቃቸው ሕዝብ ወደ አሥር ሺሕ ይደርስ እንደ ነበር ጽፈዋል። በየመንደሩ ጎጆ የጸሎት ቤት ቆሟል፤ ሽማግሌዎች ተመርጠዋል፤ ወደ ጎረቤት አገር ወደ ጋሞና ወደ ጎፋ የሚሄዱ አስተማሪዎችም ተልከዋል። አስተማሪው በሰው አገር ሲኖር ማሳውን የሚያርስለትና ቤተ ሰቡን የሚቀልብለት በሶዶ የቀረው ወንድሙ ነበር። ሁሉም የተደረገው ያለ አንድ የውጭ አገር ብር ነው። ቃለ ሕይወት ተብላ የተጠራችው ቤተ ክርስቲያን በወላይታ የተተከለችው እንዲህ ነው። ወላይታም ከዚያ ወዲህ ከረሃብ ነፃ አልወጣችም። በ1977 ዓ.ም. አይታዋለች፤ በ2000 ዓ.ም. ደግሞ አገሩ ለምለም ሆኖ ሳለ ሆድ ባዶ የሆነበት፣ አረንጓዴ ረሃብ የተባለው መጥቶባታል። ቤተ ክርስቲያኒቱ በወላይታ ላቋቋመችው የልማት ማኅበር የሰጠችው ስም ተረፔዛ ነው፤ ገበታ ማለት ነው። ስሙን ያወጣው ሰው የሶዶን ወኅኒ አስቦ ይሁን አይሁን አናውቅም፤ ለእኛ ግን ወዲያው ያስታወሰን እርሱን ነው።

ስለ ሶዶ የሚጽፍ ሰው ሌሎቹንም መዘንጋት የለበትም። በዳሞታ አካባቢ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ስም ከጥንት ጀምሮ ይጠራል፤ ካቶሊኮችም በዱቦ የራሳቸውን ሆስፒታል አቁመው ብዙ ሕዝብ አክመዋል። የኦቶናው ሆስፒታል ከሚሲዮኑ እጅ ወደ መንግሥት ተዛውሮ በኋላ የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆኗል። በ1997 ዓ.ም. ደግሞ በከተማዋ ሶዶ ክርስቲያን የተባለ ሌላ ሆስፒታል ተከፍቷል።

ዶክተር ላምቢ ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው መሥራት አልሆነላቸውም። አርባ ስምንቱ አሥር ሺሕ በሆኑበት አገር በር የከፈቱት ሰው እነርሱን በዓይናቸው ሳያዩ ቀሩ። የአሜሪካ ዜግነታቸውን እንደገና አገኙ፤ ስድሳ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ግን ጡረታ መግባትን ትተው ወደ ፍልስጥኤም ተሻገሩ። በቤተ ልሔምና በኬብሮን መካከል፣ ዓይን ዓሩብ በተባለው ስፍራ፣ የሳንባ ነቀርሳ ለያዛቸው ድኆች ሆስፒታል ማቋቋም ጀመሩ። ሚስታቸው ሻርሎት በ1938 ዓ.ም. በዚያው አገር ሞቱባቸው። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ጦርነት መጥቶ አገሩ በስደተኛ ተሞላ፤ ሐኪሙም ለሁለተኛ ጊዜ በተሸነፈና በተፈናቀለ ሕዝብ መካከል ሆነው ቁስል ያጥቡ ነበር። በዚህኛው ጊዜ ግን ማንም ቃል እንዲሰጡ አልጠየቃቸውም።

ሚያዝያ 1946 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም፣ የመቃብሩ አትክልት ተብሎ በሚታወቀው ስፍራ፣ ለትንሣኤ ማለዳ ጸሎት ሲዘጋጁ በድንገት ዐረፉ። ዕድሜአቸው 69 ዓመት ነበር። በዚያን ወራት ሶዶ ላይ የኦቶናው ሕክምና እንደገና ተከፍቶ በሽተኛ ይቀበል ነበር።